ከእግራችን ሥር የሚዞረው ዘንግ

ልጆች ለክረምት ወይም ለበዓል ወደ አያት ቤት ሲሸኙ ወላጅ የሚጠይቀው ይታወቃል። ሾፌሩ ማነው? ጎማው ደህና ነው? ፍሬኑስ? ትርፍ ሰው አልጫነም? እኔ ሃያ ስድስት ዓመት በሰሜን ሸዋ ደጋና ቆላ የመሥሪያ ቤት መኪና ስነዳ ኖሬ አሁን ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ተቀምጫለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም እናት ስለ ፕሮፔለር ሻፍት ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። አይፈረድባትም። ከመኪናው ሆድ ሥር የተጋደመ፣ ጭቃ የለበሰ የብረት ቱቦ ነው፤ ቆሞ ላየው ሰው ምንም አይመስልም።

ሥራውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሞተሩ ከፊት ነው፤ መንዝ መንገድ ላይ በሚሠሩት አብዛኞቹ መኪኖች ደግሞ የሚገፉት ጎማዎች ከኋላ ናቸው። ሞተሩ የፈጠረው ኃይል በፍሪሲዮን አልፎ፣ በካምቢዮ ተመጥኖ ከወጣ በኋላ እስከ ኋላው ዲፈረንሻል የሚወስደው ይህ ዘንግ ነው። ካምቢዮው ከሻሲው ጋር ታስሮ ይቀመጣል። ዲፈረንሻሉ ግን ከጎማዎቹ ጋር ባልስትራ ላይ ስለሆነ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ይነሳል፣ ይወርዳል። ስለዚህ ዘንጉ እየዞረ መታጠፍ፣ እየዞረም ማጠርና መርዘም አለበት። ለመታጠፉ ክሮቼራ የምንለው የመስቀል ቅርጽ ያለው መጋጠሚያ አለ። ለመርዘሙና ለማጠሩ አንዱ ብረት በሌላው ውስጥ የሚንሸራተትበት ጥርስ ያለው ክፍል አለ።

ክሮቼራ የሚለው ቃል እንደ ፍሪሲዮን፣ እንደ ካምቢዮና እንደ ኩሽኔታ ከጣሊያኖች የቀረልን ነው። መጋጠሚያው ራሱም በ16ኛው መቶ ዘመን በኖረው ጣሊያናዊ ሐኪምና የሒሳብ ሰው በጂሮላሞ ካርዳኖ ስም ካርዳን ይባላል። መኪና ላይ ዘንጉን በሰንሰለት ፋንታ ከተጠቀሙት ቀደምቶች አንዱ ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ ነበር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1898 ላይ። ቪትዝ ወይም ያሪስ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ጽሑፍ ለዘመድ ልታሳልፉት ትችላላችሁ፤ የእናንተን መኪና የሚጎትቱት የፊት ጎማዎች ስለሆኑ ይህ ዘንግ የላችሁም።

ዘንጉ በአንዳንድ መኪና አንድ ወጥ ነው፤ በሌላው ሁለት ቁራጭ ነው። ሁለት ቁራጭ ሲሆን መሃል ላይ በጎማ የታቀፈ ኩሽኔታ ከሻሲው ጋር አስሮ ይይዘዋል፤ ክሮቼራውም ሦስት ይሆናል። ነገሬ የሚጀምረው ከዚህ ከመሃል ኩሽኔታ ነው።

ልጄ ከሦስት ዓመት በፊት በዕቁብና በእህቶቹ እርዳታ አንድ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ዳብል ጋቢና ገዛ። መኪናው የእሱ ይባል እንጂ የቤተሰቡ ነው። እናቴን ለዓይን ክትትል ከመሃል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ያመላልሳል፤ በመከር ገብስ ያመጣል፤ ለፋሲካ በግ ይጭናል፤ ሰው ሲሞት ለቀስተኛ ያደርሳል። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጣርማ በር ላይ ከደሴው አስፋልት ተገንጥሎ በሞላሌ አድርጎ መሃል ሜዳ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ጓሳን አቋርጦ ወደ ግሼ ራቤል ነው። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ አገር ነው። ጭላዳው መንገድ ዳር ሣር ይነጫል፤ ጠዋት ውርጭ፣ ክረምት ጉምና ጭቃ፣ በጋ አቧራ ነው። ይህ ሁሉ የሚያርፈው ከሆዱ ሥር ባለው ብረት ላይ ነው።

ልጄ ገብሱን ለመጫን ብሎ ከኋላ በግራና በቀኝ ባልስትራ አስጨመረ። በእኛ አገር የተለመደ ነው፤ ሁሉም ያደርገዋል። ከዚያ ወዲህ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ የመሃል ኩሽኔታው ሦስት ጊዜ ተቀየረ። ጎማው ይቀደዳል፣ ኩሽኔታው ይፏጫል፣ መኪናው ሲነሳ ከሥር ይንዘፈዘፋል። ሦስቱንም ጊዜ የቀየረለት ጋራዥ ኩሽኔታውን ሸጦ ገጠመለት እንጂ ለምን እንደሚበላሽ አንድም ቀን አልተመለከተም።

የተመለከተችው እናቴ ናት ብል አታጋነንም በሉኝ። ሰማንያ አልፏታል። የመንዝ ደጋ ሴት እንደመሆኗ ዕድሜዋን የበግ ፀጉር ስትፈትል ኖራለች፤ ባናውም ዝተቱም የሚሠራው ከዚያ ነው። ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ከሞላሌ አቀበት ስንነሳ፣ «ምነው ልጄ፣ ሲነሳ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሲሮጥ ይተወዋል። የጎበጠ እንዝርት ቢሆን እኮ ሲሮጥ ነበር የሚብሰው» አለችኝ። መኪናውን አቁሜ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳስበው ትክክል ናት። ሚዛኑን የሳተ ወይም የጎበጠ ዘንግ ፍጥነት ሲጨምር ነው የሚብስበት። ሲነሳ ብቻ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ጥፋቱ ዘንጉ ላይ ሳይሆን ዘንጉ የተያዘበት አንግል ላይ ነው። የተጨመረው ባልስትራ የመኪናውን ጀርባ ከፍ አድርጎታል፤ መሃል ላይ ያለው መገናኛ ከተሠራበት በላይ ታጥፏል፤ በተነሳ ቁጥር ኩሽኔታውን ወደ ላይና ወደ ታች ይመታዋል። አዲስ ኩሽኔታ ቢገባ ያው ነው።

ለልጄ መጀመሪያ የነገርኩት ባልስትራውን እንዲያስወጣ ነበር። «አባዬ፣ ገብሱን ታዲያ በጀርባዬ ልሸከመው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሁለተኛው መንገድ የመሃል ኩሽኔታው ከሻሲው ጋር በሚታሰርበት ቦታ ወፍራም ዋሸር አስገብቶ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው። አደረግነው፤ ተሻለው፤ ከአራት ወር በኋላ ግን ጎማው እንደገና መሰንጠቅ ጀመረ። በዚህ መሃል ቨርጂኒያ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ ስልክ ደውሎ፣ እዚያ አገር ባልስትራቸው ከፍ ለተደረገ ፒክአፖች ሁለቱን ቁራጭ አውጥቶ አንድ ወጥ ዘንግ መግጠም የተለመደ መሆኑን፣ ከፋብሪካው ውጭ የሚሠሩ ቤቶች እንደሚሸጡት ነገረው። የልጄ ልብ እዚያው ቀረ።

ጥቅሙ እውነት ነው። የመሃል ኩሽኔታ የሚባል ነገር ይቀራል፤ ክሮቼራው ከሦስት ወደ ሁለት ይወርዳል፤ አቧራና ጭቃ የሚበላው አንድ ዕቃ ጠፋ ማለት ነው። አንግሉም ለሁለቱ ጫፎች ስለሚከፋፈል ይለዝባል። ከዚያ የተላከ ዘንግ እዚህ ይገጥማል ማለት ግን አይደለም። ሃይሉክስ አሜሪካ ውስጥ መሸጥ ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እዚያ ያለው ታኮማ ሌላ መኪና ነው። የፍላንጁ ቀዳዳም ርዝመቱም ይለያያል። ስለዚህ ዘንጉ እዚሁ ተለክቶ መሠራት ነበረበት።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነበር። ፋብሪካው ዘንጉን ለሁለት የቆረጠው ብረት አጥሮት አይደለም። ማንኛውም ረጅም ዘንግ አንድ ፍጥነት ላይ ሲደርስ መሃሉ እንደ ገመድ መዝለል ይጀምራል፤ ልጆች ገመድ ሲዘሉ መሃሉ እንደሚነፋው ማለት ነው። እዚያ ፍጥነት ላይ ከቆየ ይጎብጣል፣ ይበጠሳል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ይህ አደገኛ ፍጥነት ወደ ሩብ ይወርዳል። 76 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ አንድ ሜትር ተኩል ቢረዝም በስሌት በደቂቃ 5,500 ዙር አካባቢ ነው የሚዘልለው። ያው ቱቦ ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን ወደ 2,000 ዙር ይወርዳል። ይህ በወረቀት ላይ ነው፤ ክሮቼራው ትንሽ ከላላ ቁጥሩ ከዚያም ያንሳል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ ወደ ቁጥሩ እንኳ አይጠጋም። ፒክአፑ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ዘንጉ እንደ ጎማውና እንደ ዲፈረንሻሉ ጥርስ በደቂቃ ወደ 3,000 ዙር ይዞራል። የእኛ መኪና ከፍላንጅ እስከ ፍላንጅ ሜትር ተኩል አይሞላም። በቂ ቦታ አለ። እሺ አልኩ።

ቱቦውና ጫፎቹ ከሱማሌ ተራ ተገዙ። መጀመሪያ የሠራልን ቤት ሥራው ንጹሕ ይመስላል፤ ብየዳው ያምራል፤ ቀለም ተቀብቷል። ገጥመን ስንነዳው ግን በ40 ኪሎ ሜትር መሪው ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። አውርደን መሬት ላይ አጋድመን ስናየው የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች አልተገጣጠሙም፤ አንዱ ወደ ላይ ሲያይ ሌላው ወደ ጎን ያያል። ይህን ልጆቻችሁ መኪና የሚያስጠግኑ ከሆነ ንገሯቸው። ክሮቼራ ታጥፎ ሲዞር አንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በሌላው ጫፍ ያለው ክሮቼራ ይህን የሚያጠፋው ሹካዎቹ ትይዩ ሲሆኑ ብቻ ነው። ካልሆኑ አንዱ የሌላውን ጥፋት ያባብሳል። ነባሩ ዘንግም ቢሆን ለጥገና ሲፈታ ከመለያየቱ በፊት በሁለቱም ቁራጭ ላይ በቀለም መስመር ይሰመርበት፤ ጥርሱ በአንድ ቢዛነፍ መኪናው አዲስ በሽታ ይጀምረዋል፤ ምክንያቱን ለማግኘትም ብዙ ብር ይወጣል።

ሁለተኛው ቶርኖ ቤት በርካሽ አልሠራልንም። ርዝመቱን የለካው መኪናው በክሪክ ተነስቶ ሳይሆን በራሱ ጎማ ቆሞ ነው፤ ጎማው ተንጠልጥሎ ከተለካ ልኩ ስለሚሳሳት። የሚንሸራተተው ክፍል ወደ ውስጥም ወደ ውጭም የሚሄድበት ቦታ ተወለት። ውስጥ ድረስ ከገባ ጭነት ሲበዛ ካምቢዮውን ይወጋዋል፤ በጣም ካጠረ ጉድጓድ ላይ ይወልቃል። ከዚያ በማሽን ላይ አዙሮ ሚዛኑን አስተካከለ፤ በቱቦው ላይ የተበየዱትን ትንንሽ ብረቶች «ምንድን ናቸው?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ካለ እነሱ ናቸው፤ እንዳያወልቃቸው። በመጨረሻ ጎማዎቹን አንጠልጥለን፣ ቀጥሎም ስምንት ኩንታል ጭነን፣ ዘንጉ የቀድሞው ኩሽኔታ የታሰረበትን የሻሲ ድልድይ እንደማይነካ በእጃችን እየዳሰስን አየን።

ሙከራውን ከደብረ ብርሃን እስከ ጫጫ በአስፋልት አደረግነው፤ መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ጭኖ። ሲነሳ የነበረው መንዘፍዘፍ ጠፋ። 95 አካባቢ ግን ቀጭን እምም የሚል ድምፅ አለው። ልጄ «ይኼማ የጎማ ነው» ይላል፤ እኔ የዘንጉ ነው እላለሁ፤ እስካሁን አልተስማማንም። ከ80 በላይ እንደማይነዳው ግን በእናቴ ፊት ቃል ገብቷል። ወጪው የሦስቱን ኩሽኔታ ድምር አልፏል። ከተገጠመ ስምንት ወሩ ነው፤ እስከ አሁን ግራሶ ከማጠጣት በቀር የነካው የለም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። የፒክአፑን ወሬ የእህቴ ልጅ ሰማ። እሱ ከሙከ ጡሪ ዓለም ከተማ በሚሄደው መስመር ላይ ቅጥቅጥ ይነዳል። መርሐቤቴን ለማታውቁ፤ መንገዱ ከደጋው ጫፍ ተነስቶ ጀማ ወንዝ ድረስ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርድና ማዶውን እንደገና ይወጣዋል። በቅጥቅጡ የሚሄዱት ነጋዴዎች፣ ዘመድ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች፣ ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል ታማሚ የሚያደርሱ ሰዎችና ልጅ ያዘሉ እናቶች ናቸው።

«ጋሼ፣ የመሃል ኩሽኔታ ጨረሰኝ። ለእኔም እንደዚያው ያሠሩልኝ» አለኝ።

አይሆንም አልኩት። ተቀየመ፤ ለራሴ ልጅ ሠርቼ ለእሱ የነፈግሁት መሰለው። እናቱም ደወለችልኝ። ስለዚህ ወረቀት አውጥቼ አስረዳሁት። ቅጥቅጥ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በአይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና ሻሲ ላይ የተሠራ አውቶቡስ ነው። የእሱ መኪና ዘንግ ከሁለት ሜትር ተኩል አያንስም። በ80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ዘንጉ በደቂቃ 3,000 ዙር ሊደርስ ይችላል፤ ያ ርዝመት ያለው አንድ ወጥ ቱቦ ደግሞ 2,000 ላይ መዝለል ይጀምራል። በጀማ ዳገት ላይ በ25 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ምንም አይሰማውም፤ እንዲያውም ተሻለኝ ብሎ ያመሰግነኛል። ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ሜዳው አስፋልት ላይ ሲለቀው ነው የሚበጠስበት። ቱቦውን በጣም ማወፈር ይቻላል እንዳይባል ከሥር ቦታ የለውም።

የሚያስፈራኝ ግን መበጠሱ ብቻ አይደለም። በፒክአፑ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን ነው። በኤንፒአሩ ግን የእጅ ፍሬኑ የተገጠመው ከካምቢዮው ጀርባ፣ ዘንጉ ከሚነሳበት ላይ ነው። ዘንጉ ከተበጠሰ ሞተሩ መኪናውን መያዝ አይችልም፤ ማርሽ ቢገባም ባይገባም አንድ ነው። የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው ከምንም ጋር ያልተገናኘ ብረት ነው። የሚቀረው የእግር ፍሬን ብቻ ነው፤ እሱም ረጅም ቁልቁለት ላይ ይግልና ይደክማል።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት ከጀማ ወደ ላይ ስንወጣ ከፊቴ ያለ አንድ ቅጥቅጥ ከሥሩ ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማና ቆመ፤ ከዚያ ወደ እኔ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ሾፌሩ የእጅ ፍሬኑን ሲጎትት በመስኮት ይታየኛል። ምንም። በእግሩ ረግጦ ያዘው፤ ረዳቱ ልጅ ዘሎ ወርዶ ታኮ ከጎማው ሥር ወሸቀ፤ ታኮው ተንሸራተተ፣ ሁለተኛውን ድንጋይ ወሸቀ። ቆመ። ሰው አንድ በአንድ ወረደ። መንገዱ ላይ ወድቆ የነበረው የዘንጉ ግማሽ ነው፤ የክሮቼራው ኩባያ ውስጥ ግራሶ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ደርቆ ቀይ ዱቄት ሆኗል።

የዚያ ቀይ ዱቄት ነገር ለወላጅም ይጠቅማል፤ ጎንበስ ብሎ ለማየት ሜካኒክ መሆን አያስፈልግም። ክሮቼራው ዙሪያ የዝገት ቀለም ያለው ብናኝ ካለ ቅባት አልቆበታል ማለት ነው። መኪናው ሲነሳ ወይም ማርሽ ሲቀየር ከሥር ጓ ካለ ላልቷል። ቀስ ብሎ ሲሄድ እንደ ወፍ የሚፏጭ ከሆነም አትተዉት። ሲነሳ የሚንቀጠቀጥና ሲሮጥ የሚንቀጠቀጥ ሁለት የተለያየ በሽታ መሆኑን እናቴ ነግራችኋለች። ግራሶ ዘይት በተቀየረ ቁጥር፣ ወንዝ ከተሻገረም በኋላ ይጠጣ። ዘንጉ ከፊት በኩል ቢወልቅ መሬት እንዳይወጋና መኪናውን እንዳይገለብጥ ከሥሩ የብረት ቀለበት ማስበየድ ይቻላል፤ በያጅ ላለበት ከተማ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱ ደግሞ ዘንጉ የተቀየረ መሆኑን ሳትደብቁ ተናገሩ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ያሉንን አሮጌ መኪኖች በየጋራዡ እያስጠገንን ማቆየታችን አልቀረም። የሚቀያየረውም ዕቃ ይበዛል። ስለዚህ ነው ልጄ ያደረገውን ሰው ሁሉ እንዲያደርገው የማልፈልገው፤ አጭር ዘንግ ላለው ፒክአፕ፣ በልኩ ከተሠራ፣ ደህና ነው። ለቅጥቅጥ ግን ማንም በርካሽ እሠራልሃለሁ ቢላችሁ እንቢ በሉት።

የእህቴ ልጅ ቅያሜው ለቆታል። ባለፈው ሳምንት ደውሎ ሁለት ቀለበት እንዳስበየደና ሦስቱንም ክሮቼራ አዲስ እንዳስገባ ነገረኝ። ኦርጅናሉ የመሃል ኩሽኔታ ከአዲስ አበባ እስኪደርስለት መኪናው ዓለም ከተማ ላይ ቆሟል። ባለንብረቱ በየቀኑ እየደወለ፣ የቆመበትን ቀን ገቢ ከደሞዙ እንደሚቀንስበት ይነግረዋል። ነገ ወደዚያ እሄዳለሁ፤ ባለንብረቱን የማናግረው እኔ ነኝ፤ ወረቀቱንም ይዣለሁ።